ዛሬ አልዘልም

«ተረከዛችሁ ወለሉን ሲነካ ይሰማችሁ» አሉ እትዬ በለሆሳስ። «ሐሳብ ሲመጣባችሁ አትታገሉት። እዩትና ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ።»

እንዝርት አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። የዳንስ ቡድኑ ልጆች በሙሉ የልምምድ አዳራሹ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ከመስታወቱ ሥር ያለው ልጅ እንቅልፍ ጥሎት ቀስ ብሎ ያንኮራፋል። እሷን ግን መጀመሪያ አፍንጫዋን በላት፤ ቀጥሎ ጉልበቷን፤ ከዚያ የእግሯ አውራ ጣት በራሱ ጊዜ ምት መምታት ጀመረ። እንዝርት የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ ምሳዋን እንኳ ክፍሉን እየዞረች ስለምትበላ። ዛሬ ያቁነጠነጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ከጎኗ ያለው ምንጣፍ ባዶ ነበር።

የምንጣፉ ባለቤት አብሯት የሚደንሰው ልጅ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩም ቁጥብ ስለሆነ ቋጥኝ ይሉታል። እትዬ የት እንደሄደ ሲጠይቋት፣ ሆዱን አሞት መጸዳጃ ቤት ነው ብላ መለሰች። ባለፈው ሳምንትም ያንኑ ብላ ነበር። ሆዱን አላመመውም።

እትዬ ወደ ቡድኑ የመጡት በቅርቡ ነው። በወጣትነታቸው ጉልበታቸው እምቢ እስኪል የደነሱ ሴት ናቸው፤ አሁን ጭንቀት የበዛባቸው ዳንሰኞች ቀልባቸውን እንዴት እንደሚሰበስቡ ያስተምራሉ። ልጆቹ ከኋላቸው «እትዬ ትንፋሽ» ይሏቸዋል። እንዝርትም መጀመሪያ ሰሞን ሙድ ትይዝባቸው ነበር። አሁን ግን ያንን ጸጥታ ትፈራው ጀምራለች። ሙዚቃ ሲኖር ከሐሳቧ ታመልጣለች፤ ተጋድማ ዝም ስትል ግን መጥቶ ደረቷ ላይ ይቀመጣል።

ቅዳሜ ትልቅ ትርዒት አለ። በእሷና በቋጥኝ ዳንስ መሃል እሷ ከሩቅ ሮጣ ትዘልላለች፤ እሱ ወገቧን ይዞ ከራሱ በላይ ያነሳታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ብቻቸውን ሲለማመዱ፣ እሷ አየር ላይ እያለች እጆቹ ተንቀጠቀጡ። እንደ ምንም አወረዳትና ግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ ቁና ቁና ይተነፍስ ጀመር። ፊቱ በላብ ተጠመቀ። ሲረጋጋ፣ ይህ ነገር ድንገት እንደሚነሳበት፣ ልቡ ደረቱን በርግዶ የሚወጣ እንደሚመስለው፣ ለቤተሰቦቹም ተናግሮ እንደማያውቅ ነገራት። አሰልጣኙ ከሰሙ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጡበት እርግጠኛ ነበር። ከእትዬ ጸጥታ የሚሸሸውም ያ ነገር ሰው ፊት እንዳይነሳበት ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብላ ማለችለት።

የማለችው ለእሱ ብላ ብቻ አልነበረም። እሱ ከወጣ የእሷም ዳንስ ይቀራል። እናቷ በምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ስለዚያ ዝላይ ያልሰማ ሰው የለም፤ ቅዳሜ ሁሉም ሊመጡ ነው።

«አሁን የሚሰማችሁን ነገር ስም ስጡት» አሉ እትዬ። «ለማንም አትናገሩትም። ለራሳችሁ ብቻ።»

ፍርሃት፣ አለች እንዝርት በሆዷ፤ ራሷም ደነገጠች። እስካሁን ለቋጥኝ የምትጨነቅ ነበር የመሰላት። ለካ እሷው ራሷ ከላይ መውደቅን ነው የፈራችው።

ሁሉም ከወለሉ ሲነሱ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ፊቱን ታጥቦ የጫማውን ክር ያስራል። ለእትዬ እንዲነግራቸው ለመነችው፤ እሳቸው እንደማይስቁበትም ነገረችው።

«አቦ ተይኝ፤ ቅዳሜ ይለፍ ብቻ» አለ ቀና ሳይል።

«እኔስ? ብወድቅስ?»

«ጥዬሽ አውቃለሁ?»

ጥሏት አያውቅም።

ልምምዱ ተጀመረ። ሙዚቃው ዝላዩ ጋ ሲደርስ እንዝርት ሮጠች፤ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት እግሯ መሬት ላይ ተተከለ። ልጆቹ ጋሼ የሚሏቸው አሰልጣኝ ሙዚቃውን መልሰው ከፈቱት። አሁንም ቆመች። ከኋላ አንዱ ባትሪዋ አለቀ ሲል ሌሎቹ ሳቁ።

«ምን ሆነሻል ልጄ?» አሉ ጋሼ።

ቋጥኝ ዓይኑን ተክሎባታል። እሱን ማጋለጥ አንድ ቃል ነበር የሚፈጀው። ዝም ብሎ መዝለልም እንደዚያው ቀላል ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልዘልም» አለች። «ፈርቻለሁ።»

ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ ጋሼ ግን አገጫቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡ፤ ከእትዬ ጋርም ተማከሩ። ከዚያ፣ የፈራ ሰው እንዲዘል እንደማያስገድዱ ተናግረው ዝላዩን ከዳንሱ አወጡት። በምትኩ ሁለቱ ጎን ለጎን እየዞሩ ያልፋሉ። ዳንሱ ቀለለ፤ ይህንን ማንም አልሳተውም። ቋጥኝ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሳያናግራት ወጣ።

ቤት ስትገባ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር እየተመላለሰች ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የሚተኮሰውን ልብስ አጣጥፋ አስቀመጠች። ሥራ ቦታ ያወራችው ሁሉ እየታወሳት መሆኑ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አለች በመጨረሻ። «ያንቺ እግር ከሚሰበር የኔ ቅስም ቢሰበር ይሻላል።»

ቅዳሜ ከመድረኩ ጀርባ ቦታ የለም፤ ልብስ የሚቀይር፣ ፀጉር የሚያስር፣ መርፌ ጠፋብኝ የሚል። እንዝርት የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየች። የልብስ ስፌት ቤቱ ሴቶች አንድ መደዳ ሞልተዋል። ጥፍሯን እየበላች ወዲያ ወዲህ ስትል ቋጥኝ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም ነበር።

«ያ ነገር ያዘኝ» አላት። ከንፈሩ ደርቋል።

«ምን ላድርግልህ?»

«አላውቅም። ብቻ አትሂጂ።»

በዚያው ቅጽበት የመድረክ አስተባባሪዋ ተረኞቹ የት አሉ እያለች መጣች። ከመጋረጃው ማዶ ጭብጨባው እየከሰመ ነበር። የእንዝርት እግሮች ቀድመዋት ወደ ብርሃኑ አንድ እርምጃ ሄዱ። መለሰቻቸው።

«እኛ ትንሽ እንቆያለን» አለች። «ቀጣዮቹ ይቅደሙ።»

«ሰው እየጠበቀ እኮ ነው!»

«ይጠብቅ።»

አስተባባሪዋ እያጉረመረመች ሄደች። እንዝርት ከቋጥኝ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። የሌሎቹ ሙዚቃ ጀመረ። ጉልበቷ ሊነሳ ቢልም በእጇ ያዘችው። ብዙ ቆይቶ የቋጥኝ ትከሻ ቀስ በቀስ ወረደ።

«እትዬ የት ናቸው?» አላት። «ራሴ ልንገራቸው።»

ጥግ ላይ የአንዲትን ልጅ ቀበቶ ሲያስሩ አሳየችው። አብራው ልትሄድ ተነስታ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ቀሪውን ብቻውን ሄደ።