በሠላሳ ሦስት የዞረው ሸክላ

ሳጅን ሊዮታ ቢንየን የተላከችው አንድ ማሽን ተሸክማ እንድትመጣ ነበር፤ ለሌላ አልነበረም። አርዴል ቲስዴል የተባለ ሙዚቃ ሠሪ በእናቱ ምድር ቤት፣ በማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቷል። ወንድሙ ሬናርድ ታስሯል። አለቃዋም ጉዳዩን ያለቀለት ብሎ ነገ ክስ ሊያስመሠርት ነው። ሟቹ ሙዚቃ ይሠራበት የነበረው ማሽን ለኤግዚቢት ሊመጣ ሲል እናትየው አላስነካም ብለው ሁለት ፖሊስ መለሱ። እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሊዮታ ላይ ነው የሚወድቀው። ጡረታዋ የደረሰ ሰው እምቢ አይልም ብለው ነው መሰል።

ዲትሮይት ላይ በረዶው ጠቁሮ መንገድ ዳር ተከምሯል። ጉልበቷን እያመማት ደረጃውን ወጣች። እማማ ቨርሊን በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋት።

«አንቺንም ነቅለሽ አምጪ አሉሽ?»

«አዎ እማማ።»

«አይነቀልም። መብራት ከተቋረጠበት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የልጄ የመጨረሻ ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ልጄ ሬሳ ቤት ነው፣ አንዱን እናንተ ወስዳችሁታል። እሱን እንኳ ተዉልኝ።»

ሊዮታ ቁጭ ልበል ብላ ጠየቀች፤ ድካሟ እውነት ስለነበር እማማ ቨርሊን አስገቧት።

የእሑዱን ነገር ቀስ ብለው ነገሯት። የአርዴል የቀድሞ ወዳጅ ዴልፊን አብራቸው ከቤተ ክርስቲያን መጣች። ሲገቡ ኩዊንሲ፣ አርዴል ሙዚቃ መሥራት ያስተማረው ልጅ፣ ሳሎን ተቀምጦ ኳስ ያያል። አርዴል ሥራ ላይ ስለሆነ ብሉ ብሏል አላቸው፤ ሙዚቃውም ከታች ይሰማ ነበር። ለምሳ ተቀመጡ። ዴልፊን ለአርዴል ሳህን ይዛ ወርዳ አንኳኳች፤ መልስ ስታጣ በሩ ሥር አስቀምጣው ተመለሰች። ኋላ ሬናርድ በጎን በር መጣ፤ ከአርዴል ሌላ የምድር ቤቱ ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው። ወረደ፣ ሙዚቃው ቆመ፣ ከዚያ ጩኸቱ ተሰማ። ሬናርድ ስገባ ሞቶ ነው ያገኘሁት ቢልም፣ የሞተ ሰው ሙዚቃ አይሠራም ብለው አሰሩት።

«ያን ቀን ደግሞ እንዴት እንደቀናው» አሉ እማማ ቨርሊን። «ሌላ ጊዜ አንዷን ቁራጭ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ ራሴን ያዞረኛል። ያን ቀን ሳያደናቅፈው ከጫፍ ጫፍ ይፈስ ነበር። ተሳካለት ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የበላሁት።» እንባቸው መጣ። ሊዮታ መሐረቧን ሰጠቻቸውና ወደ ታች ወረደች።

የምድር ቤቱ በር ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ነው። ውስጡ ግድግዳውን የሞላ የሙዚቃ ሸክላ፣ ሥራው የሚገለበጥበት ዲስኬት የሚቀመጥበት የተቆለፈ ካቢኔ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቀይ መብራቱ የበራ፣ ከሸክላ ድምፅ እየቀዳ የሚቆራርጥ፣ ባለ ጎማ ቁልፎች አሮጌ ማሽን አለ። የኖራ ምልክቱ አርዴል የወደቀበትን ቦታ ያሳያል። የማሽኑ ገመድ በዚያው ላይ ያልፋል። ግድግዳው ላይ አንዱ ሶኬት ተሰንጥቆ ወጥቷል፤ ገመዱ የተሰካው ከጎኑ ባለው ነው። ሸክላ ማጫወቻው ላይ የአንዲት ዘፋኝ ሸክላ ተቀምጧል፤ የፍጥነት ማዞሪያው በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ዙር ላይ ነው። ሊዮታ ጎንበስ ብላ አየችው። ለጊዜው ምንም አልነገራትም።

ከዚያ ሄዳ ዴልፊንን አነጋገረቻት። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ቆማ እየሠራች፣ ከአርዴል ጋር በሰላም እንደተለያዩ ነገረቻት። ማሽኑን አንድ ጊዜ ብትነካው አርዴል እጇን መትቶ አስለቅቋታል። ሌላም ነገር አለች፤ አርዴል የራሱን ሥራ በሬዲዮ በኩዊንሲ ስም ሲቀርብ ሰምቶ፣ እሑድ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ ብሎ ነበር። ኩዊንሲ ግን ሙዚቃው ሲሰማ አብሯቸው ምሳ እየበላ ስለነበር ማንም ጉዳዬ አላለውም።

ኩዊንሲ ጫማ መደብር ውስጥ ነው የሚሠራው። ትሕትናው አንደኛ ነው፤ ወንበር አመጣላት፣ ውሃ አመጣላት።

«የምትሠራው በእሱ ማሽን ነው?» አለችው።

«ኧረ! ያ እኮ ቅርስ ነው። የእኔ አዲስ ነው፣ ሙሉ ዘፈን ቢሰጡት ይውጣል። እንደ እሱ ቦታ ስቆጥብ አልኖርም።»

ሊዮታ ውሃውን ጠጥታ አመስግናው ሄደች።

ሬናርድን እስር ቤት አገኘችው፤ ዓይኑ አብጧል፣ ለመማል እንኳ አቅም የለውም። ስለ ግድያው አልጠየቀችውም። ወንድሙ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ጠየቀችው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ያቺ ማሽን ከአሥር ሰከንድ ድምፅ በላይ አትይዝም። ስለዚህ የሠላሳ ሦስቱን ሸክላ በአርባ አምስት አፍጥነን ነው የምናስገባው። ሮጦ ስለሚያልፍ ብዙ ቦታ አይበላም። ከገባ በኋላ በማሽኑ እንጎትተውና እናዘገየዋለን፣ እንቆርጠዋለን። ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሻክራል። ሰው የአርዴል ድምፅ የሚለው እሱን ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። ሸክላ ሲያስገባ በር ይቆልፋል። ኩዊንሲን እንኳ የሚያስገባው ድምፁ ገብቶ ከዘገየ በኋላ ነው፤ ያስተማረው መቁረጡን ብቻ ነው።»

ሊዮታ ለአለቃዋ ደውላ፣ ማሽኑን በሥርዓቱ የሚዘጋልኝ ሰው ሬናርድ ብቻ ስለሆነ ላኩልኝ አለችው። እያጉረመረመ ላከላት፤ ዴልፊንንና ኩዊንሲንም እሷው ጠራቻቸው።

ሁሉም ምድር ቤት ተሰበሰቡ። እማማ ቨርሊን ወንበር ላይ፣ ዴልፊን ከኋላቸው፣ ኩዊንሲ በሩ አጠገብ፣ ሬናርድ ካቴናው እንዳለ ከፖሊሱ ጋር። ሊዮታም ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ መቆም አልቻለችም።

«አርዴል ሲወድቅ ገመዱን ይዞት ወደቀ» አለች። «ሶኬቱን ተመልከቱ። ማሽኑ ጠፋ፣ ውስጡ የነበረው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ዲስኬቶቹ ተቆልፎባቸዋል። ገዳዩ ግን ሰውየው በሕይወት እንዲመስል ሙዚቃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ገመዱን ሌላ ሶኬት ላይ ሰካ፣ ሸክላው ላይ ያለውን አስገባ፣ ቆራረጠ፣ እየተደጋገመ እንዲጫወት ለቆት ወጣ። ለዚህ ነው እማማ፣ ያን ቀን ያላደናቀፈው። የሚነካው ሰው አልነበረም።»

እማማ ቨርሊን አንገታቸውን ደፉ። ሊዮታ ሬናርድን እንዲያጫውተው አዘዘችው። በታሰረ እጁ አንዱን ቁልፍ ተጫነ። የሴትየዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ምንም አልሻከረም።

«ማሽኑ ስንት ዘግይቷል ይላል?»

«ዜሮ» አለ ሬናርድ። ፊቱ ተለዋወጠ። «በሠላሳ ሦስት ነው የገባው።»

«ማዞሪያውም እዚያው ነው። ዴልፊን ማሽኑን አታውቀውም። ሬናርድ ቢሆን እጁ እንደለመደው በአርባ አምስት ያስገባ ነበር። ይህን የሚያደርገው መቁረጥ የሚችል፣ ግን ቦታ መቆጠብ አስፈልጎት የማያውቅ ሰው ነው። የመጨረሻውን ቁራጭ አጫውተው።»

ሬናርድ ተጫነ። ዘፋኟ አንድ ቃል ጀምራ መሐል ላይ ተቆረጠች፤ አሥሩ ሰከንድ እዚያ ላይ አልቋል።

«ቶሎ ሞላብኝ» አለ ኩዊንሲ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። ከዚያ የተናገረው ገባውና ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «አርዴል ሌባ ብሎ ጠራኝ» አለ ቀስ ብሎ። ፖሊሱ ካቴናውን ከሬናርድ ፈቶ ለእሱ አጠለቀለት። ሊዮታ ደስታ የሚባል ነገር አልተሰማትም፤ ልጁ ውሃ አምጥቶላት ነበር።

ሲወስዱት እማማ ቨርሊን ማሽኑን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«እና ይኼ… የልጄ ሥራ አይደለም?»

ሊዮታ መዋሸት አማራት። ሴትዮዋ ከእሑድ ጀምረው ገመዱን እየጠበቁ፣ ፖሊስ እየመለሱ ሰንብተዋል።

«አይደለም እማማ። የአርዴል ሥራ የጠፋው እሑድ ነው።»

ሬናርድ ለማስረጃ የሚሆነውን በዲስኬት ገልብጦ ሰጣት። ከዚያ እማማ ቨርሊን ከወንበራቸው ተነሡ፣ ጎንበስ አሉና ገመዱን በራሳቸው እጅ ነቀሉት። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«አሁን ውሰጂው» አሉ።

ማሽኑ ከባድ ነበር። ሬናርድ እጁ ስለተፈታ አንዱን ጎን ያዘላት፤ ቀስ እያሉ ደረጃውን ወጡ።