አያቷ የሠሩት የመጨረሻው አይስክሬም

«እትዬ፣ ፍሪዘራችሁን ታውሱኛላችሁ?» አለች ነርሷ፣ አይስክሬም ቤቱ በር ላይ እንደ ቆመች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው።

ጎርፉ የታችኛውን ሰፈር ጠርጎ ከወሰደ ወዲህ ሰው ሁሉ የተጠለለው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል። ክትባቱ ነገ ይደርሳል፤ ጤና ጣቢያው ግን መብራት የለውም። የእርዳታ ድርጅቱ የላከው ጄኔሬተር መንገድ ተቆርጦበት ቀርቷል። በአካባቢው ጄኔሬተር ያለው ይህ አይስክሬም ቤት ብቻ ነው።

«እነዚህ በረዶ ካልሆኑልኝ ክትባቱ ይበላሻል» ብላ ክትባት መያዣ ሳጥን ውስጥ የሚደረደሩ፣ ውሃ የተሞሉ ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

«ቀማሽ፣ አይስክሬሙን አውጪው ሁሉንም!» አለቻት እናት ልጇን።

«ሳንሸጠው?»

«ለልጆቹ ይሂድ።»

«ነዳጁስ፣ እትዬ?» አለች ነርሷ።

«በእኔ ነው። ነጋዴ ነኝ እኮ፤ ደንበኛዬ ካልዳነ ለማን ልሸጥ ነው?»

«ቀማሽ» ያሏት አያቷ ናቸው። አይስክሬም የሚሠሩበትን የእንጨት በርሜል እጀታ ሲያሽከረክሩ ቆይተው የመጀመሪያውን ማንኪያ ለእሷ ይሰጡና «እህ፣ ዳኛዬ፣ ምን ጎደለው?» ይሏት ነበር። እሷ መች ሞኝ ናት! ሌላ ማንኪያ እንዲደገምላት ሁልጊዜ «ስኳር» ትላለች። አያቷም እያወቁ ይታለሉላት ነበር።

አይስክሬሙ ወጥቶ ወጥቶ፣ ፍሪዘሩ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከታች አንድ ባልዲ ብቻ ቀረ። ክዳኑ ላይ በአያቷ የተንጋደደ ጽሑፍ «ማንጎ» ይላል። ክረምቱ ሳይገባ፣ ከመሞታቸው በፊት የሠሩት የመጨረሻው ነው። ማንም አልነካውም። እሷ ግን አንዳንዴ ፍሪዘሩን ከፍታ ጽሑፉን ታየዋለች።

«ይሄ ይቆይ» አለች ቀስ ብላ።

ነርሷ ባልዲው ቦታ ይዞባት አልገባ ያሏትን ፕላስቲኮች በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።

«እነሱ የማን ክትባት ማቀዝቀዣ ናቸው?» አለች ቀማሽ።

«የመጨረሻው ክፍል ልጆች። ሕፃናቱ ያሉበት።»

እናት ፊቷን አዙራ፣ የደረቀውን ጠረጴዛ ትወለውል ጀመር። «እንዳልሽ ይሁን፣ ልጄ» አለች።

ቀማሽ ባልዲውን አወጣችው። ቅዝቃዜው ጣቶቿን ያዛቸው፤ ቢሆንም ወዲያው አላስቀመጠችውም።

«ሲስተር፣ እዚያ ኩባያ አለ?»

«ምን ኩባያ አለ፣ የኔ እህት፤ ጎርፉ ምን አስተረፈ?»

ቀማሽ ትልቁን ሳፋ ከግድግዳው አወረደች፤ የቤቱን ኩባያዎች አንድ በአንድ ደረደረችበት። ከዚያ ባልዲውን መሃላቸው አስቀምጣ፣ «ለልጆቹ እናድርስላቸው፤ ሳፋውን አንድ ጎኑን ያዢልኝ» አለቻት ነርሷን።