የማይደፋ ድግስ

ውባንቺ ኦላናን ያወቀችው ጉርድ ሾላ፣ በአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ነው። አስተናጋጆቹ የተረፈውን ወጥ ጉድጓድ ውስጥ ሊደፉት ሲሉ ድስቱን ይዛ አልለቅም አለች። ዘመዶቿ ተቆጧት። ከሚዜዎቹ አንዱ ግን ኮቱን አውልቆ መጣና የድስቱን ሌላ ጆሮ ያዘላት። ኦላና ነበር። ወጡንና እንጀራውን በእሱ ፒካፕ ጭነው ቦሌ ሚካኤል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡ ነድያን አደሉት። ሲመለሱ ስልክ ተለዋወጡ።

ፍቅራቸው ሲጠና ሽማግሌ ተላከ። አባቷ አቶ ወልደጻድቅ በሰፈሩ ስማቸው የታወቀ ነጋዴ ናቸው። ልጄን የምድረው በሬ ተጥሎ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቶ ከሆነ ብቻ ነው አሉ። ውባንቺና ኦላና ደግሞ የሚበላውን ያህል ብቻ ሊደግሱ ቃል ተገባብተው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኦላና በድብቅ ለአባቷ እሺ ማለቱን ከእናቷ ሰማች። ካፌ ጠርታው ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ማኪያቶው ሳይነካ ቀዘቀዘ።

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«እምቢ ብላቸው አንቺን እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ነው።»

«ዛሬ ፈርተህ ከደበቅኸኝ፣ ነገም ትደብቀኛለህ» አለችና ተነሥታ ወጣች።

በማግሥቱ ኦላና ብቻውን እቤታቸው መጣ። ውባንቺ ከጓዳ ሆና ሰማችው።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ የሰጠሁትን ቃል ልጠብቅ አልችልም። ቀድሜ ለእሷ ቃል ገብቻለሁ።»

አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እንግዲያው ያለ እኔ ተጋቡ» ብለው ወጡ። ውባንቺ ከጓዳ መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ እጁንም ያዘች።

ሠርጉ በኦላና እናት ግቢ ተደገሰ። ምግቡ ለተጠሩት ሰዎች ልክ ነው የተሠራው። እንግዳው መብላት እንደጀመረ አቶ ወልደጻድቅ ነጋዴ ጓደኞቻቸውን አስከትለው በበሩ ገቡ። ውባንቺ ሊያሳፍሩን ነው የመጡት ብላ አሰበች፤ ድስቱ ባዶ ነበር።

ኦላና ከመቀመጫው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ የሙሽሮቹን ማዕድ ፊታቸው አቀረበ። ይህን ያዩ እንግዶችም ጠጋ ጠጋ እያሉ የአቶ ወልደጻድቅን ጓደኞች ከየማዕዳቸው አስቀመጧቸው።

አቶ ወልደጻድቅ እንጀራ ቆርሰው ጠቀለሉ፤ ሳይጎርሱት በእጃቸው ያዙት።

«ለእናንተስ ምን ተረፈ?»

«ምንም» አለች ውባንቺ።

አባቷ እጃቸውን ዘረጉና መጀመሪያ ኦላናን፣ ቀጥለው እሷን አጎረሱ።