የሞተሩ ትንፋሽ

መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከሞተሩ ሲመዘው ጭስ ተከትሎት ወጣ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የፒስተኖቹ ቀለበቶች ያለቁ ይመስለኛል። ጋዙ ወደ ታች ያመልጣል። መውጫ ሲያጣ ደግሞ ዘይቱን በየመገጣጠሚያው እየገፋ ያፈሰዋል። የዚህች መኪና ሞተር ነገር አብቅቷል።»

ህልሜ የኋላ መቀመጫው ላይ እንደተጋደመች ሁሉንም ሰማች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ህልሜ ያለቻት እናቷ ናት፤ በሐሳብ እየነጎደች አሥር ጊዜ ተጠርታ አንዴ ስለምትሰማ። እናቷ የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት እያመላለሰች ቤቱን የምታስተዳድረው በዚህች አሮጌ መኪና ነው።

«እንግዲያው ለአሮጌ ብረት ገዢው ልደውልለት» አለች እናቷ ቀስ ብላ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር።

መውጫ ሲያጣ። የመካኒኩ ቃል ከህልሜ ጆሮ አልወጣ አለ።

ጠዋት ጠዋት የኋላው መቀመጫ የሷ አገር ነበር። እናቷ ሞተሩን ስታሞቀው መኪናዋ ከግቢው ሳትወጣ ህልሜ በሐሳቧ ጉዞ ትጀምራለች። ገመዱ ላይ የተሰጡት አንሶላዎች የጀልባ ሸራ ይሆናሉ፣ የጎረቤቱ ግንብ ከሩቅ እንደሚታይ የባሕር ዳርቻ ይደበዝዛል፣ ህልሜም በሞተሩ ጉርምርምታ ተንሳፍፋ የትና የት ትደርሳለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ፉጨት መጣ። ቀጭን፣ ነዝናዛ ፉጨት ነው፤ ሞተሩንም ያንቀጠቅጠዋል። ጉዞው ሁሉ ገና ሳይጀመር ይቋረጥ ጀመር።

አንድ ቀን እናቷ ሞተሩን አስነስታ ቦርሳዋን ልታመጣ ስትገባ ህልሜ ኮፈኖውን ከፈተች። የሚያፏጨው ከሞተሩ ክዳን ተነስቶ አየር ወደሚሳብበት በኩል የሚሄድ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነበር። በጣቷ ስትደፍነው ጸጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁን በፕላስተር ጠቀለለችው። ያም አላስተማመናትም። ላጲሷን በምላጭ አድቦልቡላ ቱቦው ውስጥ ጠቅጥቃ መለሰችው።

«ዛሬ መኪናዋ ቀሽት ሆና ዋለች እኮ!» አለች እናቷ በማግስቱ። «ማን አባቱ ዳሰሳት?»

የመኪናዋን ሬዲዮ ፈታትታ መግጠም ካቃታት ወዲህ ህልሜ ሞተሩን እንዳትነካ ተከልክላለች። ትከሻዋን ብቻ ነቀነቀች። ደስም ብሏት ነበር።

አሁን እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ህልሜ ከመኪናዋ ወረደች።

«እማ፣ ዝጊው።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ዝጊው በናትሽ። ጋሼ፣ ያንን በፕላስተር የተጠቀለለ ቱቦ ንቀለው።»

መካኒኩ እየሳቀ ነቀለው። ጣቱን ሲሰድበት ሳቁ ቆመ። በጉጠት ጎትቶ ዘይት የጠገበውን ላጲስ መዳፉ ላይ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ» አለች ህልሜ። «እንዳያፏጭ ብዬ ነው።»

መካኒኩ ፕላስተሩን ልጦ ቱቦውን መለሰና ሞተሩን አስነሳው። ፉጨቱ ተመለሰ፣ መኪናዋም እንደ ብርድ የያዘው ሰው ትንዘፈዘፍ ጀመር። ከመለኪያው ቀዳዳ የሚወጣው ጭስ ግን ከመሳሳትም አልፎ ቀጥ አለ።

«እኔም ቱቦውን ሳላይ ፈረድኩባት» አለ መካኒኩ ራሱን እያከከ። «ሌላው መተንፈሻዋ ዱሮውንም በጥላሸት ተደፍኗል። በዚህ ላይ ይሄኛውን ዘጋሽባት፤ አፍና አፍንጫዋን ማፈን ነው እኮ! ጨርሳ ትድናለች አልልም፣ የተጎዳ ነገር ይኖራል። ግን ለብረት ገዢ የምትሰጥ መኪና አይደለችም።»

እናቷ ስልኩን ዘጋች። ላጲሱን አንስታ ወደ ህልሜ ዞረች።

«ችግሩ ከላጲሱ መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽው?»

አሁን፣ መካኒኩ ሲናገር። ይህ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግማሹ እውነት ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም፣ እናቷም ልትምራት የፈለገች ትመስላለች። ህልሜ ግቢውን አየች። አንሶላዎቹ ነፋስ ሞልቷቸው ቀስ እያሉ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ።

«ሰኞ» አለች። «መሬት ላይ ዘይት አይቼ ጠረጠርኩ። እንዳታዪው አሸዋ ነሰነስኩበት።»

ከዚያም የእናቷን ዓይን ሳትሸሽ ቆመች።