ባለቤቷን የሚጠብቅ ካርቶን

ሽቦዎቹ እንደታሰሩ ነበሩ።

ይህን ልብ ያልኩት ግን ከገዛሁት በኋላ ነው... ዘግይቼ።

ያመነ ይመን፣ ያላመነ የራሱ ጉዳይ። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ የልጅ እናት ነኝ፤ የሌለ ነገር ፈጥሬ የማወራበት ምክንያት የለኝም። ዋናው ነገር የሆነው በምሽት አይደለም፣ በጫካም አይደለም። በገዛ መኝታ ቤቴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ሳለ ነው።

እኔ አሻንጉሊት እሰበስባለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ! የሚስቅ ይሳቅ። አንዳንዱ ሰው ወሬ ይሰበስባል፣ እኔ አሻንጉሊት።

ሁሉም ከነካርቶናቸው ነው የተቀመጡት። ካርቶን መጣል አይሆንልኝም። ክፉ ክፉውን የማስብ ሴት ነኝ፤ ስልክ ከጠራ መርዶ ይመስለኛል፣ ልጄ ካስነጠሰች የሳንባ ምች። ካርቶንም ልጥል ስነሳ "ነገ ብፈልገውስ?" እላለሁ። ደግሞ እኛ ሰብሳቢዎች ካርቶኑን "ቤት" ነው የምንለው። ቤቱ የተጣለበት አሻንጉሊት ዋጋው በግማሽ ይወርዳል።

ይህን ለባሌ ታላቅ እህት ማስረዳት ግን አይቻልም። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ፣ እሱ መንገድ ሲወጣ የስፌት መኪናቸውን ይዘው እኛ ጋ ይከርማሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ካርቶኑ አልጋው ላይ ሊወጣ ነው እኮ! ሰው የት ይተኛ?"

"እትዬ፣ ዋጋ የሚያወጣው እኮ ከነቤቱ ነው።"

"ለአሻንጉሊት ሁላ ቤት ሰጥተሽ አንቺ በኪራይ ትኖሪያለሽ! ጣዪው!"

አንድ ቤት የሌላት አሻንጉሊት ነበረችኝ፤ ባለ ሰማያዊ ቀሚስ። ካርቶኗን ስፈልግ ኖሬ ኖሬ፣ አሮጌ ዕቃ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ አገኘሁት። ፊቱ ላይ የፕላስቲክ መስኮት አለው። ውስጡ አሻንጉሊቷ የምትገባበት ቅርጽ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው። እሷ ግን የለችም።

"ባዶውን ነው የምትሸጪው?" አልኳት።

"እኔ ቤቱን ነው የምሸጥልሽ" አለች ሴትዮዋ፣ ቀና ሳትል። "ባለቤቷን አንቺ ታውቂያታለሽ።"

ሳቅኩ። ባለ ሰማያዊ ቀሚሷን ማለቷ መሰለኝ።

ካርቶኑን በብብቴ ይዤ ቤት ገባሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መደርደሪያው ላይ ወደተቀመጠችው አሻንጉሊት ዞሬ ጮክ ብዬ፣

"አሻንጉሊቴ! ነይ፣ ቤትሽ ተገኘልሽ!" አልኩ።

"አቤት እማ!"

ልጄ ናት። ከግቢ።

ስድስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ያያት ሁሉ "ይቺማ አሻንጉሊት ናት" እያለ፣ እኔም "አሻንጉሊቴ" እያልኩ አሳደግኳት። በስሟ የሚጠራት አስተማሪዋ ብቻ ናት።

እየሮጠች መጥታ ካርቶኑን አየችው።

"የኔ ነው?"

"አይደለም የኔ እናት፣ የእሷ ነው።"

"ነይ ብለሽ የጠራሽው እኮ እኔን ነው" አለች።

"ጥሪማ ጠርተሻታል!" አሉ እትዬ ከስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው። ሦስታችንም ሳቅን።

ባለ ሰማያዊ ቀሚሷን ላስገባት ሞከርኩ። እንቢ አለ።

የእሷ እጆች ቀጥ ብለው የተዘረጉ ናቸው። ፕላስቲኩ ላይ ያለው ቅርጽ ግን... አንድ እጁ ጉንጩ ሥር ነው። ጉልበቱ ታጥፏል። የተኛች ልጅ ቅርጽ ነው።

የሌላ አሻንጉሊት ካርቶን ይሆናላ፣ ብዬ አሰብኩ።

ያን ጊዜ ነው ሽቦዎቹን ያየሁት።

አሻንጉሊት ከፋብሪካ ሲወጣ እጅና እግሩ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። ሽቦው የሚጠመዘዘው ከጀርባ በኩል ነው። አሻንጉሊቱን ለማውጣት ሽቦውን መፍታት ወይ መቁረጥ ግድ ነው። የዚህ ካርቶን ሽቦዎች ግን አልተፈቱም፣ አልተቆረጡም። ባዶውን አጥብቀው ይዘዋል።

ከዚህ ካርቶን ውስጥ ማንም ምንም አላወጣም ማለት ነው።

በማግሥቱ ካርቶኑን ከመደርደሪያው ጠርዝ አልፎ ወጥቶ አገኘሁት። አውርጄ ወለሉ ላይ አቆምኩት። ልጄ ሄዳ አጠገቡ ቆመች... ደረቷ ድረስ መጣ።

"እትዬ... ይሄ ካርቶን አላደገም?"

"ካርቶን ያድጋል እንዴ? አንቺ ነሽ ያነስሽው፣ ምግብ ብዪ።"

ግን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ተነስተው መጡ። ሊለኩት ጎንበስ አሉ... በመስኮቱ የተኛችውን ልጅ ቅርጽ ሲያዩ፣ ሳይለኩት ቀና አሉ።

"ጣዪው" አሉ በሹክሹክታ። የቀልድ ድምፃቸው አልነበረም።

"ብጥለው የሰው ልጅ ቢያነሳውስ?"

"እና ልታስቀምጪው ነው?"

ባስቀምጠው ፈራሁ፣ ብጥለው ፈራሁ። ቁም ሳጥኑ ጀርባ ወሸቅኩት።

በሚቀጥለው ቀን እትዬ ክር ሊገዙ ወጡ። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። ልጄ ሳሎን ስትጫወት ይሰማኛል... ቀጥሎ ድምፅዋ ጠፋብኝ።

እናት የሆነች ታውቀዋለች። ልጅ ያለበት ቤት ጭጭ ሲል ደግ አይደለም።

"አሻንጉሊቴ!"

አረፋ በያዘው እጄ ብድግ አልኩ።

"አሻንጉሊቴ! የት ነሽ?"

"አቤት..."

ድምፁ የታፈነ ነው። ከመኝታ ቤት።

ገባሁ። ካርቶኑ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወጥቶ ወለሉ መሀል ቆሟል። ክዳኑ ግጥም ብሏል። በመስኮቱ ውስጥ...

ልጄ።

ጉልበቷ ታጥፎ። እጇ ጉንጯ ሥር ገብቶ። ዓይኗ ተከድኖ። ቅርጹ አንዲት ጣት እንኳ አልሰፋትም፣ አልጠበባትም።

"አቤት" አለ ድምፁ እንደገና።

አልጠራኋትም። ከንፈሯም አልተንቀሳቀሰም።

ዕድሜዬን ሙሉ ክፉውን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ይኸው መጣ። የሚገርማችሁ ግን... ሲመጣ ፍርሃቴ ጥሎኝ ጠፋ። ንዴት ብቻ ቀረ።

"ስጠብቅህ ነው የኖርኩት!" አልኩት።

የእትዬን ትልቁን መቀስ ከሳሎን አንስቼ ተመለስኩ። መስኮቱን ተርትሬ ልጄን ብስባት አልመጣ አለች። እጅ እግሯ በሽቦ ተይዟል። ካርቶኑን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት።

አራቱም ሽቦ ከውጭ በኩል ተጠምዝዟል። እኩል እኩል፣ ጥብቅ ተደርጎ። የፋብሪካ አስተሳሰር የማውቅ ሴት ነኝ። ውስጥ ያለች ልጅ ያንን በራሷ ጀርባ ልታስረው አትችልም። ቤት ውስጥ ደግሞ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

አንዱን ቆረጥኩ። ካርቶኑ እጄን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ከነባለቤቷ ነው..." አለኝ፣ በልጄ ድምፅ።

"የዚህ ቤት ባለቤት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩበት። "እሷ አሻንጉሊት አይደለችም! ስም አላት!"

ጠራኋት። በስሟ፣ ከነአባቷ ስም። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

የቀሩት ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ላሉ። ልጄ ዓይኗን ገለጠች።

"እማ... ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?"

እትዬ ከነክራቸው ሲገቡ ልጄን በአንድ እጄ አቅፌ፣ በሌላው ካርቶን ስቆራርጥ አገኙኝ። የልጄን የእጅ አንጓ አዩ፤ ዙሪያውን ቀጭን ቀይ መስመር አለበት። ሁለተኛውን መቀስ አምጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

አልጣልኩትም። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ልጅ አይጣልም። ብጥቅጥቁን አውጥተን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ዘፈዘፍነው፣ በእግራችን ረገጥነው። ሊጥ ሆነ።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። የሁሉንም አሻንጉሊቶቼን ካርቶን አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ካርቶኑን ቀደድኩ።

"ዋጋቸው በግማሽ ወረደ በይኛ!" አሉ እትዬ። ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ማሾፋቸውን አልተዉም።

"ይውረድ!"

አሻንጉሊቶቹን ግን አልጣልኳቸውም። መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ እጅ እግራቸው ተፈቶ። አስፈራርቶ የምወደውን የሚያስጥለኝ ገና አልተወለደም።

የዚያኑ ዕለት ምሽት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ሦስታችንም ሳሎን ነን። ልጄ እትዬ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የመንገዱ መብራት እንደ ሁልጊዜው መጋረጃችን ላይ በርቷል።

ብርሃኑ ከመጋረጃው አናት ላይ ጠፋ... ቀስ እያለ ወደ ታች።

"መብራት ሄደ?" አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

"አልሄደም።"

በኩሽናው መስኮት የጎረቤት ግድግዳ ፍንትው ብሎ ይታየኛል። መንገዱ ሁሉ በርቷል። የጨለመው የእኛ መስኮት ብቻ ነው።

አንድ ነገር... ከጣሪያችን የሚበልጥ አንድ ነገር... ወደ ውስጥ ሊያየን ጎንበስ ብሏል።

እትዬ ቀሚሴን ያዙኝ። ቀስ ብዬ እጃቸውን አስለቅቄ ተነሳሁ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቆምኩ።

"ይሄ ቤት አይሸጥም!" አልኩ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። "ውስጡ ያሉትም አይሸጡም!"

ጨለማው ከመስኮቱ አልተነሳም።

አይነሳ። ጀርባዬን ሰጠሁትና ወደ በሩ ሄጄ ቤቴን በገዛ እጄ ከውስጥ ቆለፍኩት።