ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም

«እናትሽ ራሷን ስታ ወድቃ ታውቃለች?» ዶክተር ሲሀም በዓረብኛ ጠየቀች።

እስከዳር ወደ እናቷ ወደ ሽታዬ ዞረች። ሽታዬ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ቤሩት ብዙ ዓመት ኖራለች፤ የወጥ ቤቱንና የገበያውን ዓረብኛ አሳምራ ትችላለች። የሚጠፋት የሐኪም ዓረብኛ ነው።

«ላእ፣ የለም» አለች ፈጠን ብላ። «ደክሞኛል ብቻ በያት፣ እስኩ።»

ወደ ክሊኒኩ ሲመጡ ታክሲ ውስጥ የተስማሙት እንዲህ ነበር። ድካም ብቻ። አሠሪዋ ማዳም ከሰማች ሌላ ሠራተኛ ታመጣለች፤ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። እስከዳርም እሺ ብላ ነበር።

ግን ቅዳሜ ዕለት በዓይኗ አይታለች። ጀማይዜ ሰፈር፣ ማዳም ቤት፣ እናቷን ልታግዛት ሄዳ ነበር። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ቆሟል። ሽታዬ እሽግ ውሃ ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ መሃል ላይ ቆመች፤ ግድግዳውን ልትደገፍ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ እጥፍ ብላ ወደቀች። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን አየኝ?» ብላ ነው።

ዶክተሯ የማዳመጫውን ጫፍ ሽታዬ ደረት ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ እስከዳርን አየቻት።

«ትምህርት ቤት ስለ ልብ ተምራችኋል?»

«አዎ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ፈተናም አለብን።» አራት ክፍል፣ አራት ቫልቭ። ሁሉንም በፈረንሳይኛ ሸምድዳዋለች።

«እንግዲያው ነይ፣ ስሚ።»

እስከዳር ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ዱብ፣ ሽሽሽ፣ ዱብ። እንደገና ሽሽሽ። መጽሐፋቸው ላይ ሽሽሽ የሚል ነገር አልነበረም።

«በግራ በኩል ያለው አንዱ ቫልቭ በደንብ አይገጥምም» አለች ዶክተሯ። «ልቧ ደሙን ወደ ሰውነቷ ሊገፋ ሲጨመቅ ከፊሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባዋ በኩል ይመለሳል። ምናልባት በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ሳትታከም ቀርታ ሕመሙ ቫልቩን ጎድቶት ይሆናል። መድኃኒት አለው፤ ሲብስም ቫልቩ ይጠገናል። ወድቃ ከሆነ ግን ነገሩ ጊዜ አይሰጥም፤ አሁኑኑ ማወቅ አለብኝ።»

«ምን አለች?» ሽታዬ የልጇን እጅ ያዘች።

እስከዳር «ቫልቭ» የሚለውን በአማርኛ ምን እንደምትለው ጠፋት። «ልብሽ ውስጥ በር አለ፣ እማ። ደሙ ካለፈ በኋላ መዘጋት ነበረበት። ያንቺ ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ ደሙ ይመለስብሻል። ስትተኚ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ለዚህ ነው። ወድቀሽ እንደሆነም ማወቅ አለብኝ እያለች ነው።»

«ነገርኳት እኮ። ላእ ብያለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

የሽታዬ እጅ ቀዝቃዛ ነበር። እስከዳር አልለቀቀችውም። ፊቷን ብቻ ወደ ዶክተሯ አዞረች።

«ቅዳሜ ወድቃለች» አለች በዓረብኛ። «ደረጃ ላይ። አብሬያት ነበርኩ።»

«እስከዳር!»

ሽታዬ እጇን መነጨቀች። የልብ ምርመራ በመሣሪያ እዚያው ተደረገላት፤ ለነገ ሌላ ምርመራ ተቀጠረላት። ደረጃና ሸክም ተከለከለች። ከክሊኒኩ ሲወጡ ልጇን ቀድማ ሄደች፤ ግን ከሺያህ ሰፈር መንገድ ጥግ ሳትደርስ ትንፋሽ አጥሯት የአንድ ሱቅ መግቢያ ላይ ተቀመጠች። እስከዳር አጠገቧ ቁጭ አለች።

«አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?»

«ሰማሁት እኮ፣ እማ። ደሙ ሲመለስ።»

ሽታዬ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። አንድ ሞተር ብስክሌት በጠባቡ መንገድ አልፎ ሄደ።

«ምን ይላል?» አለች ሽታዬ።

እስከዳር ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ በቀስታ አሰማቻት። ዱብ፣ ሽሽሽ፣ ዱብ። ሽታዬ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች።

«ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነው?» አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለልጇ ሰጠቻት። «ለማዳም ደውዪላት። ነገ አልመጣም በያት።»

«ለምን ካለችኝስ?»

ሽታዬ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፤ መልሳም ፈታችው።

«ለዶክተሯ የነገርሻትን ንገሪያት» አለች። «ቀስ እያልሽ፣ እኔም እንድሰማው።»

እስከዳር ደወለች።