ታጁራ የተላኩ እጆች

የሰመራ የሙያ ማዕከል ተማሪዎች ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ታጁራ ይልካሉ። ሰውነታቸው ሰመራ ይቀራል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልበዋል። እጃቸው ግን በጓንት በኩል ድንበር ይሻገርና፣ ባሕሩ ዳር ባለው ቤተ ሙከራ ውስጥ የብረት ጣት ሆኖ ቧንቧ ይፈታል፣ ቫልቭ ይገጥማል። መሣሪያውን «ሩቅ እጅ» ይሉታል። ሲጀመር ጉድ ተብሎለት ነበር። አሁን ተማሪዎቹ እጃቸው ሌላ አገር እየሠራ አፋቸው ስለ ምሳ ያወራል።

ጓንቶቹን የምትጠግነውና ፈተና የምትቆጣጠረው ሩማን ይማም ናት፤ የኮምቦልቻ ልጅ። ባሏ ክረምት ላይ ሞቶባት ሳምንት ሳይሞላ ሥራ ገብታለች። ጠንካራ ስለሆነች አይደለም፤ ቤት መቀመጡም ሥራ መግባቱም አንድ ስለሆነባት ነው። ባልደረቦቿ «እንዴት ነሽ?» ይሏትና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እሷም «ደህና» ትላለች፣ ለጀርባቸው። ማንም ማንንም አልተቀየመም።

አንድ ቀን የተማሪዋ የከዲጋ ሁመድ የመጨረሻ ፈተና ነበር። የሰመራና የታጁራ ማዕከላት የተዋዋሉት ሰመራ ሊያስተምር፣ ታጁራ ደግሞ መሣሪያና ሥራ ሊሰጥ ነው፤ ተማሪ ግን ከሁለቱም በኩል ይኖራል። ከዲጋ ካለፈች ታጁራ አጠገብ ባለው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ትቀጠራለች። ከወደቀች ድጋሚ የሚባል ነገር የለም፤ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፣ በቃ።

ቫልቩን ግማሽ ድረስ ፈታችው። ይሄኔ ከወዲያ በኩል የታጁራ ተማሪ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ የብረት እጅ በስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። የከዲጋ እጅ ሥራውን ተወና ወደ እሱ ሄደ። ሁለቱ እጆች ጣት ለጣት ተያይዘው መታ መታ ይደራረጉ ጀመር። ሰዓቱ ይሮጣል። ሩማን ገመዱን ነካካች፣ ጓንቱን ፈተሸች፤ ሁሉም ደህና ነው። እጆቹ አይላቀቁም።

በመጨረሻ ተላቀቁ። ከዲጋ ቫልቩን ጠግና መልሳ ገጠመችው፤ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። ስክሪኑ ግን «ያለ ምክንያት ሥራ አቁማለች፤ ወድቃለች» አለ። የቀረው የሩማን ማረጋገጫ ብቻ ነበር።

«ጓንቱ እምቢ አለሽ?» አለች ሩማን።

«አላለኝም። ዳጉ ይዘን ነው።»

ሩማን ዳጉን ታውቃለች። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ሰው አግኝቶ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው፤ ተጠይቆ መዋሸት ደግሞ የባሰ ነው።

«ፈተና ላይ? አብደሻል እንዴ?»

«ጠየቀኛ፣ ቲቸር። ተጠይቄ ዝም ልበል? በጣት ነው የምንነጋገረው፤ ራሳችን ያወጣነው ቋንቋ ነው።»

«ልጁ ማን ይባላል?»

«ልጅ አይደለም።» ከዲጋ ጓንቱን አወለቀች። «ታጁራ ሰው የለም። ተማሪዎቹም አስተማሪዎቹም ከሄዱ ቆዩ። እጆቹን ማሽኑ ራሱ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው፣ ተማሪ እንዲመስሉ።»

ሩማን መደንገጥ እንዳለባት ገባት። አልደነገጠችም። የትብብሩ አስተባባሪ አቶ ምስጋናው ዘንድ ደወለች፤ ፊቱ ስክሪኑ ላይ መጣ።

«ታጁራ ተማሪ የለም የሚባለው እውነት ነው ወይ?»

«በሁለቱም በኩል ተማሪ ከሌለ ውሉ ይፈርሳል፣ ሩማን» አለ፣ እንደ ሰለቸው ሰው። «ሰው እስኪገኝ ማሽኑ ቦታ ይያዝ አልን። ልጆቹ እንደሆኑ አይለዩት።»

«ለይተውታል። ያወሩታል። ዛሬ አንዷ ፈተና ላይ ከእጁ ጋር ስታወራ ቆማ ስክሪኑ ጥሏታል።»

«እንግዲያው ብልሽት ነው በይ። ልጅቷም ታልፋለች፣ እኛም ያንን ማውራቱን እናጠፋለታለን። ብልሽት የለም ካልሽ ግን የወደቀችው እሷ ናት።» ስክሪኑ ጠፋ።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አለች ሩማን።

«አልጠየቃችሁንም።»

ነገሩ እውነት ነበር። ሩማን በየጠዋቱ በእነዚህ ልጆች መካከል ታልፋለች፤ አንድ ቀን ቆማ ምን አያችሁ፣ ምን ሰማችሁ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

«ሰው ወደሌለበት ልትሄጂ ነዋ የምትፈተኚው?»

«እንፋሎቱ የሚወጣበት ጉድጓድ ሙቅ ነው፤ ተርባይኑም ይዞራል። እጁ ነግሮኛል፣ አይዋሽም። እኔ ስሄድ አንድ ሰው ይኖራል ማለት ነው።»

«ዛሬስ ምን ብሎሽ ነው ያን ያህል የቆማችሁት?»

ከዲጋ አንገቷን ደፋች። «ስላንቺ ጠየቀኝ። ጠዋት ጠዋት ጓንቶቹን የምትሞክረው ሴት እጇ ከክረምት ወዲህ ሌላ ሆኗል፣ ምን አገኛት አለኝ። አላውቅም አልኩት። አብረሽ እየዋልሽ እንዴት አታውቂም አለኝ። አፍሬ ነው ቲቸር፣ የቆምኩት።»

ብዙ ሰው የሩማንን ባል ቀብሮላት፣ ብዙ ሰው «እንዴት ነሽ?» ብሏት፣ እጇ መለወጡን ያወቀው ግን ሰው ያልሆነው ነው። ይህ ሊያስለቅሳት ይገባ ነበር። እንባ አልመጣም። አመማት ብቻ፤ ከክረምት ወዲህ ሕመም ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነበር።

ወደ ስክሪኑ ዞራ ጻፈች። «ብልሽት የለም። ተማሪዋ የቆመችው በምክንያት ነው። አልፋለች።» በራሷ ስም አረጋገጠችው። አቶ ምስጋናው እንደሚጮህባት፣ ምናልባትም እንደሚያባርራት ታውቃለች። የእጁን ማውራት ለማጥፋት ግን ብልሽት ያስፈልገዋል፤ እሱን አልሰጠችውም።

ከዲጋ ማለፏን አይታ አልጨፈረችም። ወንበሯን አዞረችና ከሩማን ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ረጅም ወሬ ለመስማት እንደሚቀመጥ ሰው።

«ምን አገኘሽ?» አለቻት።

«ደህና ነኝ» ልትል ነበር። የልጅቷ ዓይን ግን አልፎ አልሄደም።

«ባሌ ሞተ» አለች ሩማን። ከዚያ እንዴት እንደታመመ፣ በመጨረሻ ምን እንዳላት፣ ልብሱን እስካሁን ከገመዱ ላይ እንዳላነሳችው ነገረቻት። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ከዲጋ አላቋረጠቻትም፤ አይዞሽም አላለቻትም። እስኪያልቅ ሰማች።

«ነገ እጁን ስታገኚው ይህን ንገሪው» አለች ሩማን ስትጨርስ። «ቀድሞ የጠየቀው እሱ ነው።»